ጾር የተሸከመችው ሕመም

የሳርማ ሠራዊት ቆራን ድል አድርጎ በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ የድሉ መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት፣ በመናገሻይቱ በኤልባ ያሉ ሕፃናት ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሱ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ ሰንደቁ ይውለበለባል፣ ንጉሥ መርዕድም ከሰገነታቸው ላይ ቆመው ለሕዝባቸው ይናገራሉ። «ከእኛ በፊት የነበሩ ነገሥታት ድልን በእንባ ገዙ። እኛ ግን ያለ እንባ ድል አደረግን። ጦር ሄደ፣ ጦር ተመለሰ፤ ደረቷን የደቃች እናት፣ ፊቷን የነጨች ሚስት አልታየችም። ዝናሙ ሲያባራ ደግሞ እንደገና እንዘምታለን፤ የቆራንም የጨው ሜዳ የእኛ እናደርጋለን።»

ይህን ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሡ ጩኸቱ ከየእቅፉና ከየጀርባው ተነሣ። የረሃብ ለቅሶ አልነበረም። እናቶች ጡት ሰጡ፣ አባበሉ፣ እሹሩሩ አሉ፤ ሕፃናቱ ግን አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላዋ ሆዷን ይዛ፣ ከጦር ሜዳ እንደ ወደቀ ሰው ያቃስቱ ጀመር።

በሕዝቡ መካከል ኢዮራም የሚባል ወጣት ቀስተኛ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ወለላ ከጎኑ ነበረች፤ ገና ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ጤዛ በእናቷ ጀርባ ላይ ታዝላለች። ጤዛ በትንሿ ቀኝ እጇ ግራ ትከሻዋን ጨምድዳ ይዛ ታለቅስ ነበር። ወለላ አውርዳ ልብሷን ገልጣ አየች፤ ገላዋ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ኢዮራም ግን ያን ቦታ ያውቀዋል። በእሱም ግራ ትከሻ ላይ፣ ልክ በዚያው ስፍራ፣ በጉልላ ወንዝ ዳር የቆራ ጦር የወጋው ጠባሳ አለ። ጦሩ ሲገባ አላመመውም። በገዛ እጁ ነቅሎ ጥሎት እንደገና ቀስቱን ገትሮ ነበር፤ ጓደኞቹም አይተው ስቀዋል።

ያን ጊዜ ማንንም አላመመውም። ከዘመቻው በፊት ንጉሡ ከሩቅ ተራራ ግራጫ አመድ ይዘው መጥተው ነበር። ወታደሩ ግንባሩን ተቀብቶ ዘመተ፤ ቁስልም ፍርሃትም አልተሰማውም። ከቤት የቀሩትም ተቀቡ። መርዶ ሲመጣ ሰምተው ወደ ወፍጯቸውና ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ሕዝቡ ይህን ከሰማይ የተሰጠ በረከት ነው ብሎ አመነ።

ለቅሶው በማግስቱም አልቆመም፤ እየባሰ ሄደ እንጂ። አንድ ማለዳ በዚያ ጦርነት ሠራዊቱን የመሩት ሽማግሌ፣ ሊቀ ጦር ወንድይፍራው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ኢዮራም ቤት መጡ። ወለላ መቀመጫ አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን ቆመው ልጅቷን ተመለከቱ።

«የት ላይ ነው የሚያማት፣ ልጄ?»

ኢዮራም የራሱን ትከሻ ነካ።

ሽማግሌው በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአስራደ ልጅ ጉልበቱ ነው። አስራደን ጉልበቱ ላይ ፈረስ ረግጦታል። የወርቅነህ መንታ ልጆች ሁለቱም ጎናቸውን ይይዛሉ። በየቤቱ ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው።»

«ጌታዬ፣ ያ አመድ ከየት እንደ መጣ ያውቃሉ?» አለ ኢዮራም።

«ከጾር ተራራ። ጾር የምትባል ፍጥረት በዋሻ ውስጥ አለች። ንጉሡ ከእርሷ ጋር ሲነጋገሩ እኔ ከደጅ ቆሜ ነበር። አመዱን ይዘው ወጡ፤ በምን ሰጠችዎት ብዬ አልጠየቅሁም። ድል እጅ ሲገባ ዋጋውን ማን ይጠይቃል?»

«እንግዲህ እኛ እንጠይቃለን» አለች ወለላ፣ ልጇን ከደረቷ ሳታነሣ።

ኢዮራም ተነሥቶ ቀኝ እጁን በቤቱ መቃን ላይ አኖረ። በሳርማ ሰው ሲምል የሚምለው እንዲህ ነው። «በዚህ ደጅ፣ በገባሁበትና በወጣሁበት እምላለሁ። የእኔ የሆነውን ከልጄ ላይ ሳላነሣ ተመልሼ አልገባበትም።»

«ንጉሡ ለአዲሱ ዘመቻ አመድ የሚያመጡ መልእክተኞች ሊልኩ ነው» አሉ ሊቀ ጦር። «ከእነሱ ቀድመን መድረስ አለብን። ከዘገየን ብድር በብድር ላይ ይጨመራል።»

ኢዮራም ወደ ሚስቱ ዞረ፤ አስቀድማ ስንቅ መቋጠር ጀምራ ነበር። «ጡት የምትጠባ ልጅ ይዤ ከዚህ ተቀምጬ መንገድ መንገድ ሳይ ልኑር? አብረን እንሄዳለን» አለችው። ከዚያ በላይ አልተከራከሩም።

*

ጉልላን በታንኳ ተሻገሩ። የጦርነቱ ሜዳ ከወንዙ ማዶ ነበር። ሣሩ እስከ ወገብ አድጓል፣ ወፍ ግን አይዘምርበትም። ሊቀ ጦር ወንድይፍራው በዚያ ሲያልፉ ጥምጥማቸውን አውርደው እስከ ሜዳው ዳርቻ ራሳቸውን ገልጠው ሄዱ። ኢዮራምም ቢልልኝ የሚባለው የልብ ጓደኛው የወደቀበትን ጉብታ አየ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ነበሩ። ቆሞ ሊያዝን ሞከረ፤ ልቡ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ምንም አልተሰማውም። ይህም አስፈራው።

ከሜዳው በኋላ ቆራ ተጀመረ፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ጨው የሸፈነው አገር። ወደ ማምሻው ላይ ሙርሙሮች መጡባቸው። ሙርሙር ሰውነቱ ከጉም የሆነ፣ ዓይኑ እንደ ፍም የሚያበራ አውሬ ነው፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ያለበትን አሽትቶ ይመጣል ይባላል። የጤዛን ለቅሶ ሰምተው ከአራቱም አቅጣጫ ከበቧቸው። ኢዮራም ቀስቱን ገተረ፤ ፍላጻው በጉሙ ውስጥ አልፎ ሄደ። ሊቀ ጦር ሰይፋቸውን መዘዙ፤ ሰይፉ አየር ቆረጠ። ወለላ በልጇ ላይ ጎንበስ ብላ በገላዋ ሸፈነቻት። አንዱ ሙርሙር ቀዝቃዛ ትንፋሹን ከአንገቷ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ቀርቦ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከጨው ክምር ጀርባ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። ሙሾ ነበር። ዜማው ከፍ አይልም፣ አይቸኩልም፤ የሙታንን ስም እየጠራ፣ የነበሩበትን እየተናገረ ይሄዳል። ሙርሙሮቹ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ከዚያም እንደ ደከማቸው ውሾች አንድ በአንድ ተኙና ጉማቸው መሬት ላይ ተበተነ።

ሴትዮዋ ቀረበች። ጠጉሯ የሸበተ፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ የቆራ ሴት ነበረች። ዳሚሬ ትባላለች። የሊቀ ጦርን ሰይፍ፣ የኢዮራምን ቀስት አየች፤ ከየት እንደመጡ አልጠየቀችም።

«ቀስተኛ ነህ?» አለችው።

«አዎ፣ እናቴ።»

«በጉልላ ነበርህ?»

ኢዮራም ሊዋሽ ይችል ነበር። «ነበርሁ» አለ።

«ሁለቱ ልጆቼ እዚያ ቀሩ። በፍላጻ ነው የሞቱት።»

ጤዛ ታቃስት ነበር። ዳሚሬ አዳመጠቻትና እጆቿን ዘረጋች። «ልጅቷን ስጪኝ» አለች ወለላን። ወለላም ባሏን አየች፣ ከዚያ ሰጠቻት። ዳሚሬ ሕፃኗን በትከሻዋ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን መታ መታ ታደርግ ጀመር።

«የንጉሣችሁ አመድ ነው እንዲህ ያደረጋት» አለች። «የእኛም ሽማግሌዎች አመዱን እንቀበል ብለው መክረው ነበር። አያቶቻችን ግን ከጾር የተበደረ ልጁን ያስይዛል ይሉ ስለ ነበር ተውነው። ስለዚህ ተሸነፍን። ልጆቼንም ዓመት ሙሉ አለቀስኋቸው። አሁንም አለቅሳቸዋለሁ። ግን የእኔ ናቸው፤ የእኔም ሐዘን ነው፤ በማንም ላይ አልጣልሁትም።»

ኢዮራም ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። ይቅርታ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ትንሽ ሆነበት። እርሷም እንዲናገር አልጠበቀችም። «ተነሥ። ተራራው በዚህ በኩል ነው» አለችው።

*

የጾር ዋሻ የተራራውን ሆድ ሞልቶ የሚሄድ ነበር። ሲገቡ መጀመሪያ ኮረብታ መሰላቸው፤ ኮረብታው ተነፈሰ። ጾር አራት እግሮቿን አጣጥፋ፣ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ተኝታለች። ዓይኖቿ እንደ ሁለት ኩሬ ሰፊና ጥልቅ ናቸው። በጀርባዋ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ድንጋይ ተቆልሏል፤ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ውስጥ ቀጭን ማቃሰት ይወጣል። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ሲፋጩ የሚረግፈው ግራጫ ዱቄት ከእግሯ ሥር ተከማችቷል። አመዱ ይህ ነበር።

«ሌላ ሸክም ልትጨምሩብኝ መጣችሁ?» አለች። ድምፅዋ የደከመ እንጂ የተቆጣ አልነበረም።

«ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው» አለ ኢዮራም። «ልጄን ለምን ታሠቃያለሽ?»

«እኔ ማንንም አላሠቃይም። እኔ እሸከማለሁ። ንጉሣችሁ መጥቶ የሠራዊቱን ሕመምና የሕዝቡን ሐዘን ያዢልኝ አለኝ። እስከ መቼ አልሁት። ልጆቻችን ይወስዱታል፣ እነሱ ከእኛ ይበረታሉ አለ። ይህንንም በዘውዱ ማለልኝ። ነገር ግን ሕመም በጨለማ ሲቀመጥ ያድጋል። እንደ እንቁላል ሆነው የመጡ ድንጋዮች አሁን ምን እንዳከሉ ተመልከት። ጀርባዬ መያዝ ሲያቅተው ወደ ልጆቹ መፍሰስ ጀመረ።»

«የእኔን ስጪኝ» አለ ኢዮራም።

«ልታየው ትችላለህ። ስምህን ሲሰማ ይመልስልሃል።»

ኢዮራም ስሙን ጠራ። ከክምሩ ግርጌ አንድ ድንጋይ ተንቀጠቀጠ፤ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይታቀፍ ነበር። ወለላም ጤዛን ለዳሚሬ ሰጥታ የራሷን ስም ጠራች። ኢዮራም ደንግጦ አያት። «ወንድሜ ሞተ ሲሉኝ እኔ እህል እየፈጨሁ ነበር» አለችው። «መፍጨቴን አላቆምሁም።»

ሁለቱም የየራሳቸውን ታቀፉ። ድንጋዩ እንደ ጨው ሟሟ፣ በገላቸውም ገባ። ያ ጦር አሁን ገና ኢዮራምን ወጋው። በጉልበቱ ወደቀ፤ ትከሻው በእሳት የተጠበሰ መሰለው። ሕመሙ ብቻውን አልመጣም፤ በጉልላ ሳይፈራ ያለፈው ፍርሃት ሁሉ፣ ከጎኑ ደም ተፍቶ የወደቀው ቢልልኝም አብሮ መጣ። ኢዮራም የጓደኛውን ስም እየጠራ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወለላም ከአጠገቡ ተደፍታ «ወንድሜ፣ ወንድምዬ» ትላለች። እየተሳቡ ተቃቀፉ። ብዙ ቆይተው ቀና ሲሉ የልጃቸው ለቅሶ ቆሞ ነበር። ጤዛ በዳሚሬ ትከሻ ላይ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች።

ሊቀ ጦር ወንድይፍራው የተኛችውን ልጅ እያዩ ቆዩ። ከዚያም ወደ ጾር ዞሩ። «የሌሎቹስ ልጆች?»

«ተነሥቼ መቆም ብችል ድንጋዮቹ ሁሉ ተንከባልለው ወደ ባለቤቶቻቸው ይሄዱ ነበር። ግን ከላይ የሙታኑ ሕመም ተጭኖኛል። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ወደ ማን ይሂድ? ባለቤት የለውም።»

«ባለቤት አለው» አሉ ሽማግሌው።

ካባቸውን አውልቀው አጠፉት፤ በትራቸውንም ከላዩ አኖሩ። ኢዮራም ምን እንዳሰቡ ገባውና በአንድ እጁ እየተደገፈ ተነሣ። «ጌታዬ፣ እካፈልዎታለሁ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ።»

«አንተ እንደ እነሱ የታዘዝህ ነህ፣ ልጄ። ያዘዝሁ እኔ ነኝ።» እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑ። «እነዚያን ልጆች ከየእናታቸው ደጅ ተቀብዬ ነው የወሰድኋቸው። እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሲሞቱም እንኳ አልታመምሁላቸውም። ይህን ሳላደርግ ብሞት ከእነሱ ጋር በምን ዓይኔ እገናኛለሁ? አሁን ልጅህን አቅፈህ ተቀመጥ። ልቤ እንዲበረታ እሷን እያየሁ ነው የማደርገው።»

ኢዮራም ጤዛን ተቀብሎ ሽማግሌው ሊያዩዋት በሚችሉበት ቦታ ተቀመጠ።

ወንድይፍራው የመጀመሪያውን ስም ጠሩ። «ቢልልኝ» አሉ፤ ድንጋዩም ወርዶ በደረታቸው ገባ። ተንገዳገዱ፣ ቆሙ፣ ሌላ ስም ጠሩ። የሁሉንም ስም ያውቁ ነበር፤ የበቅሎ ጫኚዎቹን ጭምር። አንዳንዱን ስም ሲጠሩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ ያ ልጅ የሠራውን ቀልድ አስታውሰው ይሆናል። ሲደክሙ ተቀመጡ፤ መቀመጥም ሲያቅታቸው ዳሚሬ ሄዳ ከበስተኋላ ደገፈቻቸው። የመጨረሻውን ስም የጠሩት በሹክሹክታ ነበር፤ የንጉሡን ልጅ የልዑል ሰሎምን ስም። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ጤዛ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

«ይህ ሽማግሌ እናት አለችው?» ብላ ጠየቀች ዳሚሬ።

«ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል» አለች ወለላ።

«እንግዲያው እኔ አለቅስለታለሁ» አለች የቆራዋ ሴት፣ ልጆቿን የገደለውን ጦር የመሩትን ሽማግሌ በእቅፏ እንደያዘች።

ጾር ተነሣች። ተራራው ተሰነጠቀ፣ ብርሃን ገባ። ድንጋዮቹ ከጀርባዋ እየወረዱ በስንጥቁ ወጡ፤ አየር ላይ እንደ አንበጣ መንጋ ወደ ሳርማ በረሩ። አመዱን ነፋስ ወሰደው። ሽማግሌውን ከዋሻው ደጅ ቀበሩ። ጾር የመቃብሩን ጉድጓድ በጥፍሯ ቆፈረችላቸው፤ ከዚያም እስከዚያ ዘመን ሰው አይቶት ወደማያውቀው ምድር ሄደች።

*

ሲመለሱ ከተራራው ግርጌ የንጉሡን መልእክተኞች አገኙ። ከየበቅሏቸው ወርደው የድሮ ቁስላቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ወዴት ትሄዳላችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ኢዮራም ውኃ አጠጥቷቸው አብረው ተመለሱ።

ሳርማ ለቅሶ ላይ ነበረች። ገበሬው ከማረሻው ሥር ወድቋል፣ ሸማኔው ጣቶቹን ይዞ ያቃስታል፣ በየመንደሩ ለአራት ዓመት ያልተተከለ የሐዘን ድንኳን ተተክሏል። በየቤቱ ግን ሕፃናት ተኝተዋል።

ንጉሥ መርዕድን በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። አሽከሮቻቸው ሊያነሷቸው ፈርተው ዙሪያቸውን ቆመዋል። ልዑል ሰሎም በጉልላ ሲወድቅ እሳቸው ነጋሪቱ አይቁም ብለው ነበር። አሁን ኢዮራምን አይተው የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ወንድይፍራው የት አለ?»

ኢዮራም ሁሉንም ነገራቸው።

«የልጄንም?» አሉ ንጉሡ በመጨረሻ።

«የልዑሉንም። በስማቸው ጠርተው ነው የወሰዱት።»

ንጉሡ ፊታቸውን በካባቸው ሸፈኑ። ሲናገሩ ድምፃቸው የአንድ ተራ አባት ድምፅ ነበር። «ዘመቻው ቀርቷል። ነጋሪቱን ለሐዘን ምቱት። ለቆራም ሰዎች መልእክት ላኩላቸው፤ ልለምናቸው የምፈልገው ነገር አለ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለሳርማ ቀላል አልነበሩም። ሙሉ ጉልበት የቀረው ሰው ጥቂት ነበርና እርሻው ዘገየ፣ ጎተራው ሳሳ። ከቆራ ጋር እርቅ ወረደ፤ ጨው በስምምነት ተሻገረ፤ ዳሚሬም በየዓመቱ እየመጣች በኢዮራም ቤት ትከርም ነበር። አመድ የሚያስታውስ ሰው አልጠፋም፤ የሚመኘው ግን አልተገኘም።

ኢዮራም ዳግመኛ ቀስት አልገተረም። ግራ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሣም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌት ተቀን ይጠዘጥዘዋል። ጤዛ ስድስት ዓመት በሞላት ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናም ጣራውን ሲደበድብ፣ አባቷ ትከሻውን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው። ከጎኑ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አመመህ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

እጇን በጠባሳው ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «ግማሹን ለእኔ ስጠኝ» አለችው።

ኢዮራም ዓይኑን ገለጠ። በደህና እጁ ሳብ አድርጎ ከደረቱ አስጠጋት፤ ግንባሯንም ሳማት።

«አይሆንም፣ የኔ እናት» አላት። «ይሄ የእኔ ነው።»